ከላይ የምትቀመጠው ካርድ

በሕይወቴ ያናደዱኝን ሰዎች ብቆጥር አብዛኞቹ ደጎች ናቸው። ክፉ ሰው ብዙም አላስቸገረኝም፤ ክፉነቱን ካወቅሁ በኋላ በሩቁ እሸሸዋለሁ፣ አለቀ። ደግ ሰው ግን ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሥራዬን አበላሽቶ ይመርቀኛል፣ እኔም አመስግኜ እሸኘዋለሁ። ምን እንዳደረገኝ የሚገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። የዚያን ዓመት ግንቦትና ሰኔ እንዲህ ባሉ ደጎች ተከብቤ ነው ያሳለፍኩት።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ የውሃ ፓምፕና የከባድ መኪና መለዋወጫ በሚያከፋፍል ድርጅት እሠራ ነበር። የጀልዴሳ አትክልተኛ ፓምፑ ሲቆምበት፣ የመልካ ጀብዱ ሹፌር ፍሬኑ ሲበላሽበት ወደ እኛ ይመጣል። መጋዘናችን ከመስፋቱ የተነሣ አንዲት ኩሽኔታ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለች ለማወቅ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበርና ድርጅቱ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር አስመጣ። አነስተኛ ስል የዛሬዎቹን እንዳታስቡ፤ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሦስት የብረት ሣጥኖች፣ አንድ ካርድ ማንበቢያ፣ አንድ ማተሚያና ከማሽኑ ጋር የተያያዘ አንድ የጽሕፈት መኪና ነበር። ሁሉንም ባንድ ላይ "ማሽኑ" እንለዋለን። ማሽኑ ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለታል። በዚህ ምክንያት በግንቦት ፀሐይ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ጉዳይ እየፈጠረ እኛ ክፍል የማይመጣ አልነበረም። "እንደምን ዋላችሁ" ብሎ ይገባና ሸሚዙ እስኪደርቅ ይቆማል።

የክፍሉ ሠራተኞች ሁለት ነበርን። አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ካርድ ለመብሳት ተቀጥሬ ፕሮግራም መጻፍ ቀስ በቀስ ከመጽሐፍ የተማርኩ። ሁለተኛው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ሰውዬ ናቸው። የመጋላ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሶማሌዎች አጎታቸውን እንደሚጠሩት ሁላችንም "አዴር" እንላቸው ነበር። ድርጅቱ የገቡት በተሸካሚነት ነው። ማሽኑ የመጣ ዕለት ሣጥኖቹን ከጭነት መኪና ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ሊተክለው የመጣው ፈረንጅ ረዳት አጥቶ ሲቸገር ገመድ ሲያቀብሉት፣ ብሎን ሲያጠብቁለት ሰነበቱ። ፈረንጁ ሲሄድ ማሽኑን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የካርድ ማንበቢያውን ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ሰምተው "አንዷ ተጣማለች፣ ሊነክሳት ነው" ይላሉ፤ ተነሥቼ ሳይ እውነት ነው። መብራቶቹን ብቻ አይተው ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደቀረው ይነግሩኛል።

አንድ የማይችሉት ነገር ነበር። የእንግሊዝኛውንም የአማርኛውንም ፊደል አይለዩም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በተቀጠርኩ በሳምንቴ ራሴ ደረስኩበት። የማሽኑን የቀን መዝገብ አምጥተው "ልጄ፣ መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንቺ ሙዪው" አሉኝ። በማግሥቱም መነጽራቸውን ረስተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳይጠይቁኝ ሞላሁት፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ስለ መነጽር ተነሥቶ አያውቅም። የሰው ገመና ነው፤ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? የነበረን ፕሮግራም የሚያነጋግራቸው በመብራት ብቻ ስለነበረ ነገሩ ሥራውን አልጎዳም።

በግንቦት መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ትልቅ አዲስ ማሽን ተክሏል፤ ለመጋዘኖች ሁሉ አዲስ ፕሮግራም ተጽፏል፤ ቅርንጫፎች ሁሉ በእሱ ይሠራሉ።

"የኛ ማሽን አርጅቷል" አሉኝ። "አዲሱን ፕሮግራም የሚችለው አይመስለኝም። ክፍሉን እንዘጋውና ሥራውን አዲስ አበባ ይሥሩልን።"

"እኛስ ጌታዬ?"

"አንቺ ወጣት ነሽ፤ አዲስ አበባ እናዛውርሻለን። አዴር ወደ መጋዘኑ ይመለሳሉ። በሩ ላይ ወንበር እናደርግላቸዋለን፤ ገቢና ወጪውን ያያሉ።"

ደሜ ፈላ። የማሽን ሕመም በጆሮው የሚለይ ሰው ከእንግዲህ በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሊያባርር ነው። ለራሴ አላዘንኩም ብል ውሸት ይሆናል፤ የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው፣ ለብርድም አልሆንም። የከነከነኝ ግን የእሳቸው ነበር። እኔ የትም ብሄድ ሥራ አገኛለሁ፤ እሳቸውን የትምህርት ወረቀት ሳይጠይቅ ማሽን አጠገብ የሚያስቆማቸው ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ሳላስብበት አፌን ከፈትኩ፤ አዲሱን ፕሮግራም አሮጌው ማሽን ላይ ማስኬድ ይቻላል፣ ኮምፓይለሩ ለአሮጌ ሲስተም እንዲተረጉም ማዘዝ እንደሚቻል መጽሐፉ ላይ አንብቤያለሁ አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ትኩር ብለው አዩኝ። "እስከ ሰኔ መጨረሻ ሞክሪ" አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም፤ ስለማሽኑ ግድ የሌላቸው መሰለኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፕሮግራም የሚጻፈው ሰው በሚገባው ቋንቋ ነው፤ ማሽን የሚገባው ደግሞ የራሱ ብቻ ነው። መሀል ገብቶ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይባላል። የኛ ማሽን የተተረጎመውን ይሠራል እንጂ ራሱ ለመተርጎም አቅም የለውም፤ ስለዚህ ትርጉሙ የሚሠራው አዲስ አበባ ነበር። የተተረጎመው ፕሮግራም ግን ብቻውን አይንቀሳቀስም። ካርድ ለማንበብም ሆነ ወረቀት ለማተም፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም "ይህን አድርግልኝ" እያለ ይጠይቃል። የኛ ሲስተም የድሮ ነው። ኮምፓይለሩ ካልተነገረው አዲስ አበባ ያለውን አዲሱን ሲስተም እያሰበ ይተረጉማል፤ ፕሮግራሙም ድሬዳዋ ሲደርስ ሰምተነው የማናውቀውን አገልግሎት ይጠይቃል፤ የኛ ሲስተም ቀይ መብራት አብርቶ ይቆማል። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። እኛ ጋ ባለሱቅ የገባውን ሰው ፊት አይቶ በሶማሊኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ በአደርኛ ይሁን በአማርኛ ሰላም እንደሚል ይወስናል። ኮምፓይለር ፊት አያይም። ለማን እንደሚተረጉም የሚነገረው ከካርዶቹ ሁሉ በላይ በምትቀመጥ አንዲት ካርድ ነው። በካርዷ ላይ የሲስተሙ ቁጥር ይበሳል፤ አሮጌውን ቁጥር ካደረጉ ለአሮጌው ይተረጉማል። መጽሐፉ ላይ ግማሽ ገጽ አይሞላም። በሁለት ሳምንት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ በወረቀት የመጣልንን ፕሮግራም በስምንት መቶ ካርድ በሳሁ፣ ያችን ካርድ በስቼ ከሁሉም በላይ አስቀመጥኳት፣ ካርቶኑን አሽጌ በየሳምንቱ በባቡር በሚመላለሰው መልእክተኛችን ላክሁ። አዲስ አበባ ካርዶቹን ተቀብሎ የሚያስተረጉም አንድ ልጅ አለ፤ መልኩን አላውቀውም፣ በስልክ ግን ትሕትናው ያሳፍራል። ተርጉሞ የሚመልሰው የፕሮግራሙን ካርዶችና የተተረጎመውን ብቻ ነው። ኮምፓይለሩ የሚያትመው ዝርዝር ለመልእክተኛው ይከብዳል ተብሎ እዚያው ይቀራል። በሳምንቱ ካርዶቹ መጡ። አዴር ጠርዛቸውን በመዳፋቸው አስተካክለው ጫኑና ቁልፉን ተጫኑ። ማሽኑ ካርዶቹን ጎርሶ ጨረሰ፣ ትንሽ ቆየ፣ ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ።

"አልገባውም" አሉ አዴር።

"እንዴት አልገባውም?"

"ያልለመደውን ሲጠይቁት እንዲህ ነው የሚሆነው። ወላሂ፣ ይሄ ለሌላ ማሽን የተሠራ ነው ልጄ።"

አዴርን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበር። ለሌላ ማሽን የተሠራ ነው ብለው ቁልጭ አድርገው ነግረውኛል። እኔ ግን መጽሐፌን አምኜ ራሴን ጠረጠርኩ። ነጠላ ሰረዟን ያለቦታዋ በስቼ ይሆን? ቁጥሩን አንድ ቦታ ወደ ግራ ገፍቼው ይሆን? ካርዷን እንደገና በሳሁ፣ ብርሃን ላይ አንሥቼ ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ላክሁ። ሌላ ሳምንት ሄደ፤ ያችው ቀይ መብራት በራች።

በሦስተኛው ጊዜ መልእክተኛውን መጠበቅ አቃተኝ። ጎረቤቴ ጫት ነጋዴ ናት፤ በየሁለት ቀኑ ጭና አዲስ አበባ ትወጣለች። እጇ ላይ አደራ ጠፍቶ አያውቅም። ካርቶኑን አስይዣት "ሙቀት እንዳይነካው፣ በጣም የሚጎዳው ሙቀት ነው" አልኳት። ካርድ በሙቀት ይጣመማል፤ እውነቴን ነው።

"አቦ ተይኝ" አለችኝ። "ሙቀትን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?"

እውነትም የሚነገራት አልነበረችም። ካርቶኑን ከጫቱ እስር መሀል አስገብታ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና፣ ሚኤሶ ላይ፣ አዋሽ ላይ፣ ሞጆ ላይ ውሃ ስትረጭለት አድራለች። አዲስ አበባ ሲከፈት ስምንት መቶ ካርድ አብጦ እንደ ገንፎ ተጣብቋል። ከመንገድ ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ እኔ ዘንድ መጣች። "እንደ ቀዘቀዘ አደረስኩልሽ፤ ትንሽ እንኳ አልጠወለገም" አለችኝ። በዚያ ደስታዋ ላይ ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ደግሜም አመሰገንኳት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ ስምንት መቶውንም እንደገና በሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ተረቱ ስለ እህል ስለሆነ ነው እንጂ ካርድ ቢሆን መልቀም ብቻውን አይበቃም ነበር።

አዲሱን በመልእክተኛው ላክሁ፣ ሳምንት ጠበቅሁ፣ መጣ፣ ጫንነው። ቀይ መብራት። ሥራ አስኪያጁ እንደ ልማዳቸው ሊቀዘቅዙ ገብተው ነበር። መብራቱን አይተው "ተይው እስቲ፣ ራስሽን አትጉጂ" አሉኝ በለሆሳስ። ሰው ሲያባብለኝ ይብስብኛል። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ድሬዳዋ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቢሮው ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይበተናል። አዴር ግን የቀትሩን ሰላት ሰግደው ተመልሰው ማሽኑን በጨርቅ ይወለውላሉ። እየወለወሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

"መጋዘኑ በር ላይ አዲስ ወንበር አየሁ። ክንድ ማስደገፊያም አለው። ለማን ነው?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

አውቃለሁ። ወንበሩ ገና ሰኔ ሳያልቅ ተሠርቶ መምጣቱን ሳስብ በአናጢው ሳይቀር ተናደድኩ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። በማዕከል በኩል ግማሽ ቀን ጠብቄ ልጁን አገኘሁት። መስመሩ እየተንሿሿ ጮኬ ጠየቅሁት፤ ካርዶቹ በሥርዓት ይደርሳሉ ወይ፣ ከላይ ያለችዋ ካርድ አብራ ትገባለች ወይ?

"ሁሉም ደህና ነው እህቴ" አለኝ። "አንቺ ምንም አታስቢ፤ እዚህ እኔ አለሁልሽ።"

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ፈቃድ ሞልቼ፣ ካርቶኑን ታቅፌ ሊቶሪና በምንላት ፈጣን ባቡር ተሳፈርኩ። ቀኑን ሙሉ ጭኔ ላይ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ ሕፃን መስሏቸው ኖሮ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ማሽን ክፍሉ ስደርስ ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። ቀጭን፣ ከረባት ያሰረ፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። "መንገዱ አድክሞሻል፤ አንቺ ወዲያኛው ክፍል እረፊ፣ እኔ ጨርሼ እጠራሻለሁ" አለ። አላርፍም አልኩት። ማተሚያውን ላሳይሽ አለ። አልፈልግም አልኩት። ካርዶቹን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሣ። በመጨረሻ ከበስተኋላዬ የሆነ ሰው ሰላም ሲለኝ ዞር ብዬ ስመለስ፣ ከላይ ያለችውን ካርዴን በሁለት ጣቱ ስቦ የሸሚዙ ኪስ ሲከት፣ በቦታዋ ከመሳቢያው ሌላ ካርድ ሲያስቀምጥ ያዝኩት።

"ምን እያደረግህ ነው?"

ደነገጠ። መሳቢያውን ሊዘጋ ሲል እጄን አስገባሁ። ከዚህ በፊት ከላይ አድርጌ የላክኋቸው ካርዶች በላስቲክ ታስረው በክብር ተቀምጠዋል።

"የጻፍሽው ቁጥር የድሮው ነው" አለ አቀርቅሮ። "አዲሱ መጽሐፍ አልደረሳትም፣ ሳታውቅ ነው ብዬ አዲሱን ቁጥር አደረግሁልሽ። አለቃዬ ቢያየው መሳቂያ ያደርግሻል። የደበቅሁትም እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

"ያንኑ ቁጥር ደግሜ ደጋግሜ ስልከው አልገረመህም?"

"አዘንኩልሽ" አለ።

ስድስት ሳምንት። አንገቴን ደፍቼ የቆጠርኳቸው ቀዳዳዎች፣ የረጠበው ካርቶን፣ በራሴ ላይ ያወረድኩት እርግማን ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። ድምፄን ዝቅ ማድረግ አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። ሰው ሲሳሳት ካየህ ፊት ለፊት ንገረው አልኩት። ስህተት መስሎህ ከሆነ ጠይቅ፤ ብትጠይቀኝ ባንድ ቃል እመልስልህ ነበር። መሸፋፈን ጨዋነት ይመስልሃል፣ ያንተ ጨዋነት ግን አንድ ሽማግሌ ሰው ከሥራቸው ሊያስወጣ ዐሥር ቀን ቀርቶታል። ይሉኝታ አገር አጠፋ። ሌላም ብዙ አልኩ። በክፍሉ ያሉት ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ይሰሙ ነበር።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

"እሺ። ፊት ለፊት ካልሽ እኔም አንድ ነገር ልናገር?"

"ተናገር።"

"ከእናንተ የሚመጣው የማሽን መዝገብ በሙሉ ባንቺ እጅ የተጻፈ ነው። ኦፕሬተራችሁ አንድ መስመር ጽፈው አላየሁም። ይሄ አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ዕቃ ሲያልቅበት በጽሕፈት መኪናው ጥያቄ ጽፎ፣ መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ይጠብቃል። አንቺ በሌለሽበት ማን ይመልስለታል?"

"እሱ አንተን አይመለከትህም" አልኩት። አሁን የተናገርኩበት አፌ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ልጁ ካርዴን ከኪሱ አውጥቶ በቦታዋ አስቀመጠ፣ አስተረጎመ፣ የተተረጎመውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። አንድ ሰዓት አልፈጀም።

በመልሱ ጉዞ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። እነዚያን ጥያቄዎች ከፕሮግራሙ ጋር በገዛ ጣቴ በስቻቸዋለሁ፤ ለዚያውም ጫት ነጋዴዋ ካበላሸቻቸው በኋላ ሁለተኛ ጊዜ። ማን እንደሚያነባቸው አላሰብኩም ነበር ብል እዋሻለሁ። አስቤያለሁ፤ አስቤም "እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ" ብዬ አልፌዋለሁ። ሁልጊዜ አጠገባቸው ልቆም ነው? ብታመምስ? ለምሳሌ ያን ቀን ሊቶሪና ላይ ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሁለት ዓመት ያቆየሁት ዝምታ ነቅዞ ነበር።

ድሬዳዋ በገባሁ ማግሥት ጫንነው። ማሽኑ ካርዶቹን ጎረሰ። ቀይ መብራት አልበራም። ማተሚያው መንጫጫት ጀመረ፣ የመደርደሪያ ቁጥሮች አንድ በአንድ ወጡ።

"ገባው" አሉ አዴር፤ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን የጽሕፈት መኪናው ማንም ሳይነካው አንድ መስመር ጽፎ ቆመ። ማሽኑም አብሮ ቆመ። አዴር ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ ሄጄ፣ ሌላ ጉዳይ ያለኝ መስዬ መልሱን እጽፍ ነበር። እግሬም ተነሥቶ ነበር። ግን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አዴር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አይቀየሙኝ።"

"ጠይቂ።"

"ማንበብ ይችላሉ?"

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። እሳቸው ግን ጨርቃቸውን አጣጥፈው ማሽኑ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄንን ፊደል አልችልም" አሉ። "የናንተንም አልችልም። በዓረብ ፊደል ግን አነባለሁ፣ እጽፋለሁም። ቁርኣን ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ጅቡቲ ላለው ወንድሜ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሰፈሩንም ሰው ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? እኔ መነጽር አልኩ፤ አንቺ እሺ አልሽ። መዝገቡ በእንግሊዝኛ ነው፣ ምን ልበል? አለመማሬን ሳወራ ልዋል?"

ጥያቄዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ። እያንዳንዱን አነበብኩላቸው፣ ምን እንደሚፈልግ አስረዳሁ፤ እሳቸውም አንድ ባዶ ካርድ ገልብጠው እኔ ከጻፍኩላቸው የእንግሊዝኛ መስመር ጎን በዓረብ ፊደል፣ በሶማሊኛ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትርጉሙንና የሚጫኑትን ቁልፍ ጻፉ። የእጅ ጽሑፋቸው ከኔ ያምራል። የፊደል ቅርጽ ማስተያየት ለለመደ ዓይን ከባድ ሥራ አይደለም፤ ማሽኑ ሲጠይቃቸው ወረቀቱን ያያሉ፣ ካርዳቸውን ያያሉ፣ ይመልሳሉ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፣ ከዚያ አልተሳሳቱም። ቀትር ሳይደርስ ጨረስን። ስድስት ሳምንት በባቡር ያመላለስኩትን ካርቶን ሳስብና ይህችን አንዲት ጠዋት ሳስብ በሳቅና በልቅሶ መሀል ሆንኩ።

በሰኔ የመጨረሻ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሊያዩ መጡ። ቆመው ተመለከቱ። ማተሚያው ሲሠራ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጽሕፈት መኪናው ጥያቄውን ጽፎ ሲቆም ግን ዓይናቸው ተቅበዘበዘ። "አዴር" አሉ ቶሎ ብለው፣ "እባክዎ ዘበኛውን አንዴ ይጥሩልኝ። አንቺ፣ እስቲ እሱን መልሽለት።"

እኔ ከቦታዬ አልተነሣሁም። አዴርም ዘበኛ ሊጠሩ አልሄዱም። ወረቀቱን አዩ፣ ካርዳቸውን አዩ፣ ቁልፉን ተጫኑ። ማተሚያው ቀጠለ።

"ያነባሉ እንዴ?" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

"የሚበቃኝን ያህል" አሉ አዴር።

ሥራ አስኪያጁ በክፍሉ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። በዚያ ቅዝቃዜ መሀል ግንባራቸውን በመሀረብ ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ክፍሉን ዝጋ ያላቸው ሰው የለም። ማሽኑም ሸክም ሆኖባቸው አያውቅም። አዲሱ ፕሮግራም ኦፕሬተሩን በጽሑፍ እየጠየቀ እንደሚሠራ ከአዲስ አበባ ሲነግሯቸው እንቅልፍ አጡ።

"ፊደል እንደማይለዩ እኔ እንኳ ስንት ዓመት አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አንሥቼው አላውቅም" አሉ። "በሰው ፊት እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው። ማሽኑ አረጀ ቢባል ማንም አያፍርም። ወንበሩንም ያሠራሁት በክብር እንዲቀመጡ ነው።"

የሠራሁት ሥራ ሁሉ፣ የተመላለሰው ካርቶን ሁሉ መነሻው ይህ መሆኑን ስሰማ ለመናደድ እንኳ አቅም አጣሁ።

አዴር ሁሉንም አዳመጡ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ ብቻ ጨርቃቸውን አንሥተው እንደገና አጣጠፉት።

"አላህ ይስጥልኝ ጌታዬ" አሉ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁንም እኔንም በየተራ አዩን። "ስታከብሩኝ ሥራዬን ልታሳጡኝ ነበር።"

እኔ ስድስት ሳምንት የደከምኩት ለእርስዎ ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።